ወንበር የዋጠው ውሻ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሳይሰስት ነበር የዘነበው። የሰኔው የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሲደርስ በየደጁ ለበዓሉ እሳት የተከመረው እንጨት እርጥብ ስለነበረ ከእሳቱ ጭሱ በዛ፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን እያሻሸ ይስቅ ነበር። እሸት በቆሎ እንደዚያ ተትረፍርፎ አያውቅም። ጎዳናው የረጠበ አፈርና የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል፣ አኮርዲዮኑ ከዚህ ደጅ ሲያርፍ ከዚያኛው ይነሳል። ከደረቅ ዓመታት በኋላ የመጣ ጥጋብ ስለሆነ የላጄዶ ከተማ ሰው ሳቁ አፉ ላይ ነበር፤ ሰበብ ብቻ ነው የሚፈልገው። በኦታሲሊዮ ስዕል መሳቅ የጀመረውም በዚያ ሰሞን ነው።

ኦታሲሊዮ ማንኪያ ጠራቢ ነበር። በዚያ አገር ባቄላዋን በእሱ ማንኪያ የማታማስል ሴት አልነበረችም። ሚስቱ በወጣትነቷ ሞታበት ዶራሊሴ የምትባል አንዲት ልጁን ይዞ የሚኖር፣ ሲያናግሩት መልሱን ከኪሱ የሚፈልግ የሚመስል ዝምተኛ ሰው ነው።

ሴዩ ቤላርሚኖ ደግሞ ትንሽ ማተሚያ ነበራቸው፤ «ሴዩ» በዚያ አገር እንደ «አቶ»፣ «ዶና» እንደ «ወይዘሮ» ነው። ራሳቸው ግጥም ይገጥማሉ፣ በቀጫጭን መጽሐፍ ያትማሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ገመድ ወጥረው መጽሐፎቹን እንደ ታጠበ ልብስ ያሰጣሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ታሪኩን በዜማ ይጀምሩና ልክ ጉዱ ሊፈላ ሲል ጸጥ ይላሉ። የቀረውን የፈለገ ይግዛ ነው።

አንድ ቀን ኦታሲሊዮን ጠሩት።

«ቢላዋ መያዝ ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ፣ ሴዩ ቤላርሚኖ።»

«በል እንግዲያው ለሽፋን የሚሆን በሬ ቅረጽልኝ። ፍርድ ቤት የቆመ በሬ ነው። ባለቤቱን ከሶ።»

ኦታሲሊዮ ለስላሳ እንጨት መርጦ፣ ወንበሩን ደጁ ላይ አውጥቶ ቀረጸ። በሬውን ቀረጸ፣ ከበሬው ጀርባ የዳኛውን ወንበር ቀረጸ። ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ሲታተም ሰውነቱ በደስታ ሞቀው። ከማንኪያ ሌላ ነገር ከእጁ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ቅዳሜ ሲደርስ መጽሐፉ ገመድ ላይ ወጣ። ከገመዱ አጠገብ ዶና ዙልሚራ እሸት ፈጭታ፣ በበቆሎ ቅጠል ጠቅልላና ቀቅላ የምትሸጥበት ጠረጴዛ አለ። ዶራሊሴን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት፤ ከኦታሲሊዮ ጋር አበልጅ ናቸው። ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት።

«ኡኡቴ! አበልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«በሬ ነዋ።»

«በሬ? እኔማ ውሻ መስሎኝ! ለዚያውም ወንበር የዋጠ ውሻ! ኧረ እዩልኝ እግሩ በሆዱ ሲወጣ!»

«አራት እግር አይደል እንዴ ያለው?»

«አራቱ የእሱ፣ አራቱ የወንበሩ! እኔ ስምንት ነው የማየው፣ ማርያምን!»

ገበያው ፈነዳ። በቅሎ የሚጭነው ጭነቱን ትቶ መጣ፣ ጨው የምትሸጠዋ ሚዛኗን እንደያዘች መጣች። የሳቀ ሁሉ ቤቱ ሄዶ ለማሳየት ገዛ። ሴዩ ቤላርሚኖ ያን ቀን ታሪኩን መሃል እንኳ ሳያደርሱት መጽሐፉ አለቀላቸው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «ዶና ዙልሚራ ምን አለች?» ብሎ ነው። ኦታሲሊዮ የሚቀርጻቸው ሰዎች ፊታቸው ሁሉ ማንኪያ ነው፤ እጁ የለመደው እሱን ነዋ። እንጨቱ ላይ ቀኝ ያደረገው ወረቀቱ ላይ ግራ ሆኖ እንደሚወጣ አንድም ቀን ትዝ ብሎት ስለማያውቅም ካህኑ በግራው ይባርካል፣ ሙሽራው በግራው ቀለበት ያስራል፣ ሽፍታው በግራው ይተኩሳል። ዶና ዙልሚራ ለሁሉም ስም አወጣችላቸው። የሰባት ባል ሚስት ታሪክ ላይ ያለችው ሴት እንባዋ ትልልቅ ስለሆነ «እንቁላል ጣይዋ» ተባለች። ጳጳሱ በልብሱ ጥልፍ የተነሳ «በቆሎው» ተባለ።

«አበልጄ፣ ይቺን ሴትዮ ምን ብትበድልህ ነው?»

«ቆንጆ ላደርጋት ነበር እኮ።»

«አየሁ። እንደታሰበላት ያስታውቃል።»

ኦታሲሊዮ አብሮ ይስቅ ነበር። ግን ቤቱ ሲገባ አንዷን ቅጂ ግድግዳው ላይ ይለጥፍና ራሱን ዘንበል አድርጎ ያያታል። «አንድ ቀን ትክክለኛ በሬ እሠራለሁ» ይላል ለልጁ። ሰው «ሠዓሊው» ብሎ ሲጠራው፣ በፌዝም ቢሆን፣ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቀና ይልለት ነበር። ይህ እንዳይቀርበት ነበር ጭንቁ።

ቀረበት። ሴዩ ቤላርሚኖ ወረቀት ሊገዙ ወደ ትልቁ ከተማ ሬሲፌ ወርደው ሳለ፣ አንድ ነጋዴ መጽሐፎቻቸውን አገላብጦ «ይህን የሳለው ሰው ዓይኑ ያያል?» አላቸው። እፍረት ያዛቸው። ሲመለሱ የሲኒማ ተዋንያን ፎቶ የተቀረጸባቸው የማተሚያ ብረቶች ይዘው መጡ። ባርኔጣ ያደረገ ወንድና ጸጉረ ብሩህ ሴት፣ አንዳንዱ ላይ ሲሳሳሙ፣ አንዳንዱ ላይ ሊሳሳሙ ሲሉ።

«አትቀየመኝ ኦታሲሊዮ» አሉት። «ዘመኑ ነው።»

«ምን ቅያሜ አለው፣ ሴዩ ቤላርሚኖ» ብሎ ቢላዋውን ጠርጎ ወደ ማንኪያው ተመለሰ። ግን ጠዋት ጠዋት ከጎረቤት በረት አጥር ላይ ተደግፎ በሬ ሲያይ ይታይ ነበር። በሬው እንዴት እንደሚተኛ፣ ሲነሳ የትኛውን ጉልበቱን እንደሚያስቀድም፣ ሻኛው ወዴት እንደሚያዘነብል። ሰዎች ሊገዛ ነው ብለው አሙት።

አዲሶቹ ሽፋኖች ገመድ ላይ ሲወጡ ገበያው ዞር ዞር ብሎ አየና አለፈ። ዶና ዙልሚራም ቆማ አየች።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት አንዱ።

«ቆንጆ ናቸው። ቆንጆ ነገርን ምን ይሉታል?» ብላ ወደ ድስቷ ዞረች።

ሴዩ ሆኖራቶ የሚባሉ ከብት ጠባቂ ከሩቅ እርሻ በበቅሎ መጥተው በዚያው ቀን አንድ ገዙ። ማንበብ አይችሉም፤ የምታነብላቸው ልጃቸው ናት። በቀጣዩ ቅዳሜ ግን ፊታቸውን አጨማድደው መጡ።

«ቤላርሚኖ! የሰው መሳቂያ አደረግኸኝ!»

«ምን አጠፋሁ?»

«እኔ የምፈልገው ውሻውን ነው! ወንበር የዋጠውን! ፍየል አረድኩ፣ ጎረቤት ጠራሁ፣ አማቴን ጠራሁ፣ ቄሱን ጠራሁ። በሬው ዳኛውን ሲያፋጥጠው ልናዳምጥ ተሰብስበን፣ ልጄ ከፍታ ብታነብ... የሰባት ባል ሚስት!»

«ታዲያ ለምን አላስቆምካትም?»

«ላስቆማት ነበር እኮ! አማቴ እምቢ አለች! ሦስተኛው ባል ላይ ደርሰን ቄሱ ወጡ፤ አማቴ አሁንም አራተኛውን ንገሩኝ እያለች ነው!»

ገበያው ከተሳሳቀ ሰንብቶ ነበርና ያን ቀን እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ነገሩ ግን የሆኖራቶ ብቻ አልነበረም። አንዲት አሮጊት «በቆሎው አለ?» አለች፣ ሌላው «እንቁላል ጣይዋን ስጡኝ» አለ። ሴዩ ቤላርሚኖ የሚያውቁት ያተሙትን ርዕስ ነው፤ ገበያው የሚያውቀው ዶና ዙልሚራ ያወጣችውን ስም ነው። ከሚሳሳሙት መሃል የትኛው በሬው፣ የትኛው ጳጳሱ እንደሆነ ማን ይለያል? እሷ ከድስቷ ላይ ሆና ስታስተረጉምላቸው ዋለች።

«ሂዱና አበልጄን መልሱት» አለቻቸው በመጨረሻ። «ጉሮሮዬ አለቀ።»

ሄዱ። ኦታሲሊዮ ሲያያቸው ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ የተቀረጸ እንጨት አመጣ። በሬ ነው። ሻኛው ያዘነበለ፣ ጉልበቱን አጥፎ ሊነሳ የሚል፣ ትንፋሹ የሚሰማ የሚመስል በሬ። ወንበሩንም ለብቻው ራቅ አድርጎ አስቀምጦታል። ሴዩ ቤላርሚኖ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አተሙትና ሰቀሉት።

ሴዩ ሆኖራቶ ቀርበው አዩ። ራቅ ብለው አዩ።

«ጥሩ በሬ ነው» አሉ። «ውሻውስ?»

«ይሄ እኮ ያው ነው፣ ጌታዬ» አለ ኦታሲሊዮ።

«አይ፣ አሁንስ አልሸወድም። አማቴ ቤት ናት።»

ማንም አልገዛም። ኦታሲሊዮ ዘወር ብሎ ዶና ዙልሚራን አያት፤ አንድ ነገር እንድትል ጠበቀ። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። ያን ጊዜ ነው በሬው ማማሩ የገባው። ለእሱ ሥራ እሷ ቃል ስታጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። ጆሮው ድረስ ቀላ።

ሴዩ ቤላርሚኖ ግን ተጨንቀው «እንግዲያው ያንን የድሮውን ድገምልኝ» አሉት።

ሞከረ። አልሆነም። እጁ አንዴ በሬ ለምዷል፤ ውሻ አድርጎ ሊያበላሸው ቢል በሬ እየሆነ ይመጣበታል። እንጨት ጨረሰ። የድሮው ቅርጽ ደግሞ ተጥሏል ተባለ። ይኸው ነው እንግዲህ፣ አሁን ደግሞ በማወቄ ልቀር ነው ብሎ ቅዳሜ ጠዋት ዶና ዙልሚራ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ተከዘ።

«አትደገፍ!» ብላ ጮኸችበት። «ይንገዳገዳል! ከእግሩ ስር ያስገባሁለት...» ሁለቱም አጎነበሱ። ከጠረጴዛው እግር ስር፣ ጭቃ ጠጥቶ፣ ስምንት እግሩን ወደ ላይ አድርጎ፣ ውሻው ተኝቷል።

«ሲጥሉት አንስቼ ነው» አለች። «እንዲያው ጠፍጣፋ ስለሆነ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ በእኔ ሥራ ጠረጴዛ ታቆሚያለሽ?»

«ከሠራኸው ሁሉ ለቁም ነገር የዋለው ይሄ ነው!»

አጠቡት፣ ቀለም ቀቡት፣ አተሙት። የጠረጴዛው እግር ግንባሩ ላይ ክብ ጠባሳ ትቶበት ነበር። ሴዩ ሆኖራቶ አይተው «እሱ ነው! ምነው ግን፣ ማን መታብኝ?» ብለው ሁለት ገዙ፣ አንዱን ለአማታቸው። ሴዩ ቤላርሚኖ የሚሳሳሙትን ከገመዱ አወረዱ። ሌሎቹን ሽፋኖችም ኦታሲሊዮ ዶና ዙልሚራ ባወጣችላቸው ስም ይቀርጽላቸው ጀመር፤ እጁ የለመደው በሬን ብቻ ነውና የሰው ፊትማ መቼም ከማንኪያ አልወጣለትም። ዶና ዙልሚራም እስክትሞት ሥራ አልፈታችም።

የጥሩው በሬ አንድ ቅጂ እሷ ቤት፣ ከአልጋዋ ራስጌ ተለጥፎ ኖረ። ከየት አመጣሽው ሲሏት «አንድ ሠዓሊ ሰጠኝ» ትል ነበር፣ ሌላ አትጨምርም።

ኦታሲሊዮ እሷ ከተቀበረች በኋላ ልጁን ተከትሎ ሄደ። ለመጨረሻ ጊዜ በተሰማው ወሬ ፔትሮሊና ከተማ፣ ከወንዙ አጠገብ፣ በዶራሊሴ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ይኖራል፤ ማንኪያ ይጠርባል።