ልጄ የደበቀችኝ ካንሰር

መጀመሪያ ያየሁት ግራ ጡቴ ላይ የሰረጎደ ቆዳ ነው። ሕመም አልነበረውም። ብብቴ ሥር ጠጠር የመሰለ ነገር ነበር። ስላላመመኝ ሁለት ወር ዝም አልኩ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

የልጅ ልጆቼን ላሳድግ ካምፓላ የመጣሁ ሴት ነኝ፤ እንግሊዝኛ አልችልም። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄጄ ናሙና በመርፌ ከተወሰደልኝ በኋላ ሐኪሟ ብዙ ተናገረች። የምታስተረጉምልኝ ልጄ ሰላም ፊቷ ጠቆረ። «እማዬ፣ እባጭ ነው። ጡትሽ በቀዶ ሕክምና መነሣት አለበት» አለችኝ።

«ለእባጭ ጡት የሚቆርጡት የት አገር ነው? አልቆረጥም!» አልኩና ሙቱንጎ ኮረብታ ላይ ወዳለው ቤታችን ተመለስኩ።

ሦስት ወር ተቀመጥኩ። ጠጠሩ አደገ።

ከዚያ ሐኪም ቤቱ ከተወሰደው ናሙና የተረፈውን ለጥናት ለመጠቀም ፈቃዴን ፈለገ። በጥናቱ ደንብ ዘመድ አያስተረጉምም። ዘይነባ የምትባል በላቦራቶሪ የምትሠራ የጅማ ልጅ መጣች። «እማማ፣ የጡት ካንሰርዎን ናሙና…» ብላ ጀመረች።

«የማንን ካንሰር?»

ሰላም አለቀሰች።

«በድንጋጤ ትሞቻለሽ ብዬ ነው።»

«ሰባት ወልጄ ሁለት ቀብሬያለሁ። አንድ ቃል ይገድለኛል?»

ሐኪሟ በዘይነባ በኩል ሁሉንም ነገረችኝ። የሚያጠኑት ሎንግ ኖን ኮዲንግ አር ኤን ኤ ይባላል። በሴል ውስጥ ያለ ነው። ራሱ ፕሮቲን አይሠራም፤ ግን የትኛው ጂን እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚተኛ ያዛል። አንዳንዱ ሲበዛ ካንሰሩ እንዲሰራጭ፣ መድኃኒትም እንዳይበግረው ያግዛል። አንዳንዱ ደግሞ ይገታዋል።

«ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?»

«አሁን ለእርስዎ ምንም። ምናልባት ወደፊት ለሌሎች።»

እውነቱን ስለነገረችኝ ፈረምኩ። ግን ሥጋ የሰጠች ሴት ውጤቱን በምትሰማው ቋንቋ ማወቅ አለባት ብዬ አስጻፍኩ።

ጡቴ ተቆረጠ። ካንሰሩ ብብቴ ድረስ ደርሶ ነበር። ኬሞቴራፒው ፀጉሬን አረገፈው፤ ማቶኬ የሚሉት የአገሩ ሙዝ ሲቀቀል ሽታው እንኳ ያስመልሰኝ ነበር። አሁን ቀስ እያልኩ ቁልቁለቱን ወርጄ እመለሳለሁ፣ ክንዴን እንዳስተማሩኝ ወደ ላይ አነሣለሁ፣ በየሦስት ወሩም እመረመራለሁ። ሐኪሟ «ድነዋል» ብላኝ አታውቅም፤ እኔም በይኝ ብዬ አልለምናትም። ያ ሦስት ወር ምን እንደወሰደብኝ ማንም አያውቅም። ሰላምን ይቅር ብያታለሁ፤ እጄን ይዛ ያስታመመችኝ እሷ ናት። የዘይነባን ስም ግን ሳልጠራ ጸልዬ አላውቅም።

እናንተ ልጆች፣ በእናታችሁ ሕመም ላይ ብቻችሁን አትፍረዱ። አንቺም እህቴ፣ ቋንቋውን ካልቻልሽ ዘመድሽ ያልሆነ አስተርጓሚ ጠይቂ። እስኪመጣልሽ ከወንበሩ አትነሺ።