የእትዬ አስካለ ሻወር ቤትና የፀሐይ ማሞቂያችን

ካዛንቺስ ውስጥ በነበረ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ሱቅ ሥራ የጀመርኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። አለቃዬ ኢንጂነር መላኩ የቧንቧ ሥራ ሰርተፍኬቴን ገለጥ አድርገው አዩና፣ “ጣራ ትወጫለሽ?” አሉኝ።

“ከወንዶቹ ቀድሜ!” አልኳቸው።

ሳቁ። ምሳ ሳይደርስ አንድ ፎቅ አናት ላይ ሆኜ፣ ወደ ታች ላለማየት ዓይኔን ቡሎኑ ላይ ተክዬ አጠብቅ ነበር። ጉራዬን ግን አልተውኩም።

ማሞቂያው ቀላል ዕቃ ነው። በመስታወት የተከደነ ጥቁር ፓነል አለ፤ ውስጡ ቀጫጭን የመዳብ ቱቦዎች ተዘርግተዋል። ከፓነሉ ጫፍ ከፍ ብሎ ታንከር ይቀመጣል። ፀሐይ ያሞቀችው ውሃ በራሱ ጊዜ ወደ ታንከሩ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ወደ ፓነሉ ይወርዳል። ፓምፕ የለ፣ መብራት የለ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ከቧንቧው ሥር ዘርግቼ ሲፋጀኝ እንደ ሕፃን ነው የጮኽኩት። ያ ነገር እስከ ጡረታዬ ድረስ አልሰለቸኝም።

በሁለተኛው ዓመቴ እትዬ አስካለ ወደ ሱቃችን መጡ። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አራት ክፍል ያለው ሻወር ቤት ተከራይተው ይሠሩበት ነበር። አብዛኛው የሰፈሩ ቤት መታጠቢያ ስለሌለው ሰው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል። ውሃውን የሚያሞቁት በኤሌክትሪክ ቦይለር ስለሆነ፣ በየወሩ የሚመጣው የመብራት ቢል ገቢያቸውን ጥርግ አድርጎ ይወስደዋል።

“ኢንጂነር፣ እኔ እኮ የምሠራው ለቆጣሪው ነው” አሉ። “አሁን እቁብ ወጥቶልኛል። ይሄ ዕቃችሁ ካልሠራልኝ ግን፣ በቃ፣ ቤቱን አስረክቤ ልጆቼን ይዤ እህቴ ጋ መጠጋቴ ነው።”

“አይዞዎት፣ ፀሐይ ቢል አትልክም” አሏቸው ኢንጂነር።

በታኅሣሥ ተከልንላቸው። የሻወር ቤቱ ጣራ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ሶሌታ ስለነበር ሥራው አላስቸገረም። ፓነሉ የሚያርፍበትን የብረት ቋሚ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ከፋብሪካው በመጣው የማብራሪያ ወረቀት እንደታዘዘው፣ የፓነሉ ፊት ወደ ደቡብ፣ ዝንባሌው አርባ አምስት ዲግሪ። ቋሚው ራሱ ለዚያ ልክ ተቆርጦ ነው ከውጭ የመጣው። በጥር ውሃው ይፋጅ ጀመር። እትዬ አስካለ ቦይለሩን አጠፉት። መንገድ ላይ ባዩኝ ቁጥር ይመርቁኝ ነበር።

የፋሲካ ዋዜማ ለሻወር ቤት የዓመቱ ትልቁ ቀን ነው። ያን ቅዳሜ ሰልፉ አስፋልቱ ድረስ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ውሃው ግን ለብ ከማለት አላለፈም። አንዲት ሴት ሳሙናው ፀጉሯ ላይ እንዳለ ወጥታ ሂሳቧን አስመለሰች። እትዬ አስካለ ቦይለሩን መልሰው አበሩት። ቆጣሪው እንደ ድሮው መሮጥ ጀመረ።

በዓሉ እንዳለፈ ሱቅ መጡ። “እስከ ግንቦት መጨረሻ እታገሳለሁ። ከዚያ ቁልፉን ለባለቤቱ እመልሳለሁ” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ልጄ፣ እኔ አንቺን አምኜ ነበር።”

ኢንጂነር መላኩ፣ “ሰው በዝቶባቸው ነው እንጂ ማብራሪያው ልክ ነው” ብለው ነገሩን ዘጉት።

በማግስቱ ጣራው ላይ ወጣሁ። መስታወቱን ወለወልኩ፣ መጋጠሚያዎቹን ፈተሽኩ፣ ቱቦው አየር እንዳልያዘ አረጋገጥኩ። አንድም ጥፋት የለም። ስድስት ሰዓት ሲያልፍ ለምሳ ልወርድ ብል መሰላሉ የለም! ከጎረቤት የተዋስነው ነበር፤ ባለቤቱ ጣራው ላይ ሰው መኖሩን ሳያይ ይዞት ሄዷል። እትዬ አስካለ ሻወር ቤቱን ዘግተው ገበያ ወጥተዋል። ብጮህም የሚሰማኝ ጠፋ።

ተርቤና ተናድጄ አቀርቅሬ ስቆም ጥላዬን አየሁት። አጭር ናት። የወደቀችው ግን ወደ ደቡብ ነው፣ ፓነሉ ፊቱን ወዳዞረበት። ፀሐይ አናቴን አልፋ ወደ ሰሜን ሄዳለች! በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ መስታወቱን ፊት ለፊት ታገኘው ነበር፤ አሁን የምትነካው በሰያፍ ነው። ማብራሪያው የተጻፈው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ዝቅ ብላ ለምታልፍበት አገር ነው። ብቻዬን ጣራው ላይ ዘለልኩ፣ አጨበጨብኩ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን እንዴት አላየነውም? ምክንያቱ ያሳፍራል። እኩለ ቀን ላይ ሁላችንም ምሳ ቤት ነን።

መሰላሉ ሲመለስ ወደ ካዛንቺስ በሩጫ ሄድኩ። “ኢንጂነር፣ ቋሚው ይቆረጥ! ፀሐይ ወደ ሰሜን አልፋለች፤ ፓነሉ ሽቅብ እንዲያያት ወደ አሥራ አምስት ዲግሪ እናውርደው!”

“ከቆረጥሽው የፋብሪካው ዋስትና ይቀራል።”

“ሴትየዋ እንጀራቸውን ከሚያጡ ዋስትናው ይቅር።”

“ካልሠራስ?”

“ካልሠራ ነገ እዚህ አያዩኝም።”

ትክ ብለው አዩኝና የብረት መጋዙን፣ ሴጌቶውን፣ ከመደርደሪያው አነሱ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የቋሚውን የኋላ እግሮች አብረን ቆረጥን፤ ታንከሩን ከፓነሉ በላይ እንደሆነ መልሰን አሰርነው። ዋስትና አብሮ ሲቆረጥ ድምፁ ጥርስ ያፋጫል።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ እትዬ አስካለ ቧንቧውን ከፍተው እጃቸውን ሰደዱ።

“ውይ! አቃጠለኝ እኮ!”

እጃቸውን እያራገፉ ሳቁ፣ ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። ወዲያው ሄደው ቦይለሩን አጠፉት። ከዚያ ወዲህ የሚያበሩት ክረምት ላይ ብቻ ሆነ፤ ሻወር ቤቱም ልጆቻቸውን አሳደገ።

መኪና ውስጥ እንደገባን ኢንጂነር መላኩ፣ “እንዲህ አድርገን ስንት ጣራ ላይ ተክለናል?” አሉ።

“ሁሉም ላይ።”

ወሩን ሙሉ ከካዛንቺስ እስከ ላንቻ በየጣራው ስንቆርጥ ሰነበትን።

ለእናንተ ለአዲሶቹ የሙያ ልጆቼ የምለው ይህን ነው፤ ፓነል ከመትከላችሁ በፊት አንድ ቀን ምሳችሁን አዘግዩና ጣራው ላይ ቁሙ።