ምሳሌዬን ከነእናቴ ወሰደችው

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት... ኮሌጃችን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ገርበብ ካለው በር ጀርባ የራሴን እናት ታሪክ በሌላ ሰው አፍ ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ክፍላችን የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የሚያስጠና ሰው ይፈልግ ነበር። አንድ ሰው ብቻ። የፈለገ ሁለት መምህራን ፊት ቀርቦ አጭር ትምህርት ያስተምራል። ርዕሱ ለሁላችንም አንድ ነው፦ በዕብራይስጥ «ሬሼት ዝሪማ»፣ በእኛ የፍሰት መረብ ልንለው እንችላለን። እኔ ወዲያው ተመዘገብኩ። ክፍል ውስጥ ሁሌም አጠገቤ የምትቀመጠውን ሲጋልን አንቺስ ብላት «አንቺ እያለሽ እኔን ማን ያየኛል» ብላ ሳቀች።

የሲጋል ቤተሰቦች ሌላ ከተማ፣ ኔታንያ ናቸው። እሷ እዚህ ረሆቮት ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው። ሰንበትን ብቻዋን እንዳትውል እያልኩ እኛ ቤት፣ ክፋር ግቢሮል የሚባለው ሰፈራችን፣ አመጣት ነበር። እናቴንም እንደ እኔው «እማዬ» ነው የምትላት።

አንድ ዓርብ መጣችና ሚቭሃን ደርሷል፣ ፈተናው ቀርቧል፣ ይሄ የፍሰት ነገር ግን ጭራሽ አልገባኝም፣ እንደ ሕጻን አስረጅኝ አለችኝ። ደስ አለኝ... ለእኔም መለማመጃ ይሆነኛል ብዬ።

እናቴን ምሳሌ አደረግኋት። እናቴና የሰፈራችን ሴቶች ጠዋት ለጽዳት ሥራ ሲወጡ ባቡር ጣቢያ መድረስ አለባቸው። ሰፈራችን ምንጩ ነው፣ ጣቢያው መድረሻው። ፌርማታዎቹ ነጥቦች ናቸው፣ በመካከላቸው ያሉት መንገዶች ደግሞ መስመሮች። እያንዳንዱ መስመር አቅም አለው፣ ከዚያ በላይ አያሳልፍም። መሃል ላይ እስካለው ሻዓራይም ፌርማታ አሥር ሴት የሚይዝ ሚኒባስ ቢኖር፣ ከሻዓራይም ወዲያ ያለው ግን አራት ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ በዚያ በኩል መላክ የምንችለው አራት ነው። ለቀሩት ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ምክንያቱም መሃል ላይ የገባው ሁሉ መውጣት አለበት። «እናቴ ሻዓራይም ላይ ተና አትቀርም» አልኳት።

በሳቅ ፈረሰች። እናቴም ከወጥ ቤት ስሟን ሰምታ መጣችና፣ ስለ እሷ መሆኑን ስትሰማ አብራን ሳቀች። ሲጋል ደጋግማ አስነገረችኝ። ጎበዝ ተማሪ አገኘሁ ብዬ እኔም ደጋገምኩላት።

እና ማክሰኞ... ከበሩ ጀርባ ያለው ድምፅ የሲጋል ነበር። መመዝገቧን እንኳ አላውቅም። በዕብራይስጥ፣ ጥርት አድርጋ፣ ምንጩን፣ መድረሻውን፣ አቅሙን ታስረዳለች። ሻዓራይም ስትል ወደ በሩ ተጠጋሁ። ቀጥላ እንዲህ አለች፦

«እናቴ በየጠዋቱ ከክፋር ግቢሮል ለጽዳት ሥራ ትወጣለች... እናቴ መንገድ ላይ ተና አትቀርም።»

መምህራኑ ሳቁ። እናቴ ባሳቀችን ቦታ፣ ልክ እዚያው ላይ ሳቁ።

ወጣች። ስታየኝ ደነገጠች፣ ግን እኔን ወዲያው ጠሩኝ። ሌላ ያዘጋጀሁት ነገር የለኝም። ሰሌዳው ላይ ሰፈራችንን መጻፍ ስጀምር አንደኛዋ መምህርት በትሕትና አስቆመችኝ። ይህን ምሳሌ አሁን ሰምተነዋል፣ የራስሽን ብታመጪ ጥሩ ነው አለችኝ። የራስሽን... የእኔ እናት ናት ልል አፌን ከፈትኩ። ግን እንደሚያሳብቅ ሕጻን የምሆን መሰለኝና ተውኩት። ወደ ውኃ ቧንቧ ዞርኩ፣ ቁጥሮቹ ተምታቱብኝ፣ የገባ ሁሉ ይወጣል የሚለውን ሕግ ራሱን ረስቼ ወጣሁ።

ሲጋል ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እንዴት ሆነልሽ ብላ ጀመረች። አላስጨረስኳትም።

«እናትሽ ኔታንያ አይደሉም እንዴ?» አልኳት።

መሬት መሬት እያየች «ምሳሌ እኮ ነው፣ ታሚ። ሥራው እኔንም ያስፈልገኛል... ልወዳደር ነው ብልሽ ታስረጂኝ ነበር?» አለችኝ።

«አስረዳሽ ነበር» አልኳት።

እውነቴን ነው። እስካሁን ውስጤን የሚያቃጥለኝም ይሄው ነው። ብትነግረኝ አብረን ተቀምጠን ለእሷ የሚሆን ሌላ ምሳሌ እንፈልግ ነበር። የእሷም እናት እኮ ሥራ ይሠራሉ፣ ኔታንያም መንገድ አለ። ሲጋል ግን ቦርሳዋን አንግታ ወረደች።

ትናንት ውጤቱ ወጣ። እሷ ናት። እናቴ ለሰንበት ሲጋል ትመጣለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ አግኝታለች፣ ጊዜ የላትም አልኳት። እናቴም ከልቧ መረቀቻት።

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ከሲጋል። ይቅርታ ይሆናል ብዬ ፈጥኜ ከፈትኩት።

«ታሚ፣ ቤሰደር? ደህና ነሽ? ሐሙስ ስለ ትንሹ ቁርጥ ላስተምር ነው። መስመሮቹን ቆርጠን ምንጩን ከመድረሻው ስንለይ፣ ትንሹ ቁርጥ ከትልቁ ፍሰት ጋር ለምን እኩል እንደሚሆን አልገባኝም። ብቅ ልበል? እማዬን ሳሚልኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያላየሁ መስዬ ላልፈው ነበር... ማንበቤን ለእሷ የሚያሳዩት ሁለቱ ሰማያዊ ምልክቶች ግን እነሱም ከዱኝ።