ክሪቭ የማይበቅልባት ደሴት

ሙረን በተወለደችባት የምዕራብ አየርላንድ ደሴት ዛፍ የሚባል የለም። ከድንጋይ አጥሩ በላይ ቀና ያለውን ሁሉ የባሕሩ ንፋስ ይጨርሰዋል። ሰዉ ግን ክሪቭ ሲል ይውላል። በቋንቋቸው ክሪቭ ቅርንጫፍ ነው፤ ዛፍም ነው፤ ሲያሻው የዘር ሐረግ፣ ሲያሻው የማኅበር ቅርንጫፍ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን ሻምፒዮንነት ማለት ነው። ድሮ ላሸነፈ ሰው ቅርንጫፍ ይሰጥ ስለነበር ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ባለቅኔዎች ያመጡት ነው የሚሉም አሉ። ሙረን ቃሉ ከየት እንደመጣ ደንታም አልነበራት፤ እሷን ያንገበገባት ክሪቩ ወደ ደሴቷ አለመምጣቱ ነው።

ቀን የባሕር አረም ታጭዳለች፤ ሲመሻሽ ደግሞ የደሴቲቱን ሴቶች የአየርላንድ ባህላዊ እግር ኳስ ቡድን በር ትጠብቃለች። ለፍጻሜ በደረሱ ቁጥር ከባሕሩ ማዶ ያለው መንደር አሸንፎ ይሸኛቸዋል። የዚያ መንደር አሠልጣኝ ላሪ አፉ አያርፍም።

«አንቺ ሙረን፣ እናንተ ጋ እኮ ክሪቭ አይበቅልም፤ ምን ያለፋሻል?» ይላታል፣ ጀልባ ስትሳፈር ጠብቆ።

ሰዉ ይስቃል። እሷ ደግሞ ሰው ፊት አንደበቷ ይተሳሰራል፤ ፊቷ ቀልቶ ወደ ጀልባው ትገባለች። ዘንድሮ አርባ ሊሞላት ነው፣ ጉልበቷም አልታዘዝ ብሏታል። ይህ ፍጻሜ ካመለጣት ሌላ እንደማይኖር ታውቀው ነበር።

በፍጻሜው ቀን የደሴቲቱ ሴቶች በአንድ ነጥብ እየመሩ ሳለ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዳኛው ለነላሪ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። መቺዋ ስትንደረደር ሙረን በቀኝ በኩል ዘለለች፤ ኳሷ አፍንጫዋን ክፉኛ መታቻትና ወደ ውጭ ወጣች። ወዲያው ፊሽካው ተነፋ።

አምበሏ እሷ ናትና ዋንጫውን ተቀብላ ንግግር ማድረግ ግድ ሆነባት። አፍንጫዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ፣ ማሊያዋ በደም ተበክሎ ድምፅ ማጉያውን ያዘች። ጓደኞቿ አመሰግናለሁ ብላ የምትወርድ መስሏቸው ማጨብጨብ ጀምረው ነበር። እሷ ግን ላሪን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችው።

«ላሪ እውነቱን ነው» አለች። «እኛ ጋ ክሪቭ አይበቅልም። ለዚህ ነው የናንተን ነቅለን የምንሄደው።»

ላሪ እንኳ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። እዚያ አገር በደስታ ያበደን ሰው ከቅርንጫፎቹ ጋር ሄደ ይሉታል። ያን ቀን ደሴቲቱ በሙሉ ሄደች፣ ያቺ ዓይን አፋር ሙረንም ከፊት።