ተራራው ላይ የመረቅኋቸው ሙሽሮች

ልጄ ውትድርናዋን ጨርሳ ሃይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ወዳለው ቤታችን በተመለሰች ብዙም ሳይቆይ፣ ቴል አቪቭ ሄዳ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ልትከራይ እንደሆነ ነገረችን።

«ሃይፋ ምን አጠፋች?» አልኋት።

«አባ፣ እዚህ ገንዘብ የሌለው ሰው ምን ይሠራል? ሶፋ ላይ ይቀመጣል።»

ተቆጣሁ። ግን የሚያስቀራት ቁጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እንድትሄድብኝም አልፈለግሁም። «አንድ ዓርብ ስጪኝና ከተማዋን ላሳይሽ» አልኋት። «ከዚያ በኋላም ታሰለቻለች ካልሽ ሂጂ።»

«ቤሰደር፣ እሺ» አለች።

እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። የዕብራይስጥን ፊደል የለየሁት አውቶቡስ ስጠብቅ የፌርማታውን ሰሌዳ እያየሁ ነው። ከተማዋንም ያጠናኋት ፋብሪካ ሥራ በማልገባበት ቀን በእግሬ እየዞርሁ ነው። ከዚያ ያገኘሁት ሕግ አለኝ፦ ሃይፋ ተራራ ናት፤ ሽቅቡን በገንዘብ፣ ቁልቁሉን በእግር። ሽቅብ በእግሩ የሚወጣ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ቁልቁል በታክሲ የሚወርድ ግን ሰነፍ ነው።

ዓርብ ጠዋት ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል፣ ሻይም በፔርሙስ ይዘን ወጣን። በአውቶቡስ ሀዳር ሰፈር ደረስንና በካርመሊት፣ በተራራው ሆድ ውስጥ ሽቅብ በሚሳበው ባቡር፣ ወደ ላይ ወጣን። እዚያ ባሕሩ ቁልቁል የሚታይበት መናፈሻ መንገድ አለ። መግቢያ አይከፈልበትም። ሀብታም ከሆቴሉ መስኮት የሚያየውን ያንኑ ባሕር እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን አየነው።

«ያንተ ፋብሪካ የቱ ነው?» አለችኝ። አንቱ ማለት አልለመደችም፤ እኔም መገሠጹን ትቻለሁ። ታች ከሚታየው ጭስ ማውጫ አጠገብ ያለውን ጣሪያ አሳየኋት። ፀሐዩን በእጇ ከልላ አየችው።

«ከዚህ ሲያዩት ያምራል።»

«አዎ፣ ከዚህ ሲያዩት» አልኋት።

እንቁላሉን መላጥ ስጀምር ሙሽሮች መጡ። እሷ ነጭ በነጭ፣ እሱ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ፎቶ አንሺ አስከትለዋል። በእኛ ወግ ሽማግሌ ሙሽራ አይቶ ሳይመርቅ አያልፍም። እንቁላሉን አስቀምጬ ተነሣሁ።

«አባ፣ ዳይ! ይበቃል! አታውቃቸውም!»

«ምርቃት ትውውቅ አይፈልግም።»

ፊታቸው ቆሜ መዳፌን ዘረጋሁ። «የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ! ውለዱ፣ ክበዱ! ቤታችሁ እንግዳ አይጣ! አሜን በሉ!»

አማርኛው አልገባቸውም፤ አሜን ግን ገባቸው። «አሜን» አሉ ሁለቱም። ልጄም ፊቷን በእጇ ሸፍና «አሜን» አለች።

ፎቶ አንሺው ትከሻዬን ነካ አድርጎ በዕብራይስጥ እንዲህ አለኝ፦ «አባት፣ እነዚህ የተዋወቁት ዛሬ ጠዋት ነው። ለሠርግ አዳራሽ ማስታወቂያ ነው የማነሣቸው።»

ልጄ ከሣቋ ብዛት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ምርቃት አይመለስም» አልሁ።

«እኔ እንግዲህ አሜን ብያለሁ» አለ ወንዱ።

«መጀመሪያ እጮኛዬን አስፈቅደው» አለችው «ሙሽራዋ»።

ይዘን የመጣነውን ምግብ ለሁሉም አካፈልሁ። «ሙሽራዋ» ቀሚሷን እንዳይነካው ጎንበስ ብላ እንቁላሏን በላች። ቁልቁሉን በሕጌ መሠረት በደረጃዎቹ ወረድን፤ ሻጮች ሰንበት ሳይገባባቸው ዋጋ በሚጥሉበት ሰዓት ገበያ ደርሰን አትክልት ገዛን። ልጄ እስከ ቤት ድረስ «ውለዱ፣ ክበዱ!» እያለች ስታሾፍብኝ መጣች። በዚህ ዓይነት ትቀራለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

አልቀረችም። በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ልጅን በአንድ ዓርብ አስቀራለሁ ማለት ሞኝነት ነው፤ ሶፋው ባዶ ሲሆን ግን ከፋኝ።

ከአዲስ ዓመቱ በዓላት በኋላ አንድ ሐሙስ ማታ ስልክ ተደወለ። «አባ፣ ነገ አብረውኝ የሚኖሩትን ሁለት ልጆች ይዤ እመጣለሁ። ስለ አንተ ነግሬያቸው አላመኑኝም። ላይ ድረስ ትወስደናለህ?»

«ቁልቁሉ በእግር ነው» አልኋት።

«ነግሬያቸዋለሁ።»

እንቁላል ጨምረን ቀቀልን። በማግስቱ እዚያው ወንበር አጠገብ ነጭ የለበሰች ሴትና አንድ ጎልማሳ ቆመው አገኘን። ልጄ በክርኗ ጎሰመችኝ። እኔም በዚህ ጊዜ ቀርቤ አስቀድሜ ጠየቅሁ፦ «ይቅርታ፣ የምር ነው የምትጋቡት?»

«ዛሬ ነው!» አሉኝ።

መዳፌን ዘረጋሁ። ሦስቱ ልጃገረዶች ከኋላዬ ተሰልፈው ገና ሳልጀምር «አሜን!» ብለው ጮኹ።