የቅዳሜ ክኒን

ዛሬ በእናቴ ኩሽና ውስጥ፣ የሎሚ መቁረጫው ቢላ ላይ ነጭ ብናኝ አየሁና ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

እንዲህ ያለ ብናኝ መጀመሪያ ያየሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። በስደት የምንኖረው ኦሮራ የተባለ ከተማ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለ አሮጌ አፓርትመንት ነበር። እናቴ ደም ግፊት እንጂ የጤና ኢንሹራንስ አልነበራትም። ከታች የሚኖሩት ኤርትራዊቷ እማማ ለተብርሃን ሁለቱም ነበራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የክኒን ብልቃጣቸውን ይዘው ይመጡና ጠረጴዛችን ላይ ይዘረግፉታል። እኔ በሎሚ መቁረጫው ቢላ እያንዳንዷን ለሁለት እከፍላለሁ። ግማሹ ለእሳቸው፣ ግማሹ ለእናቴ። ምሬቱ ጣቴ ላይ ይቀራል።

እናቴ "እማማ፣ ለእርስዎስ አያንስም?" ስትላቸው ይቆጧታል።

"ዝም በይ! አንቺ እየታመምሽ እኔ ብቻዬን ድኜ ከማን ጋር ልኖር ነው?"

አንድ በረዶ የጣለ ቀን እማማ ደረጃው ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ስንደርስ ግማሽ ፊታቸው ተጣሞ፣ አንደበታቸው ተይዞ ነበር። ነርሷ መድኃኒታቸውን በትክክል ይወስዱ እንደሆነ ጠየቀችን። ከመካከላችን እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ነኝ። እናቴን አየኋት፤ መሬት መሬት ታያለች። እማማ በደህናው ዓይናቸው አፈጠጡብኝ።

"የስ" አልኩ። "ኤቭሪ ዴይ።"

በሦስተኛው ሳምንት ቀበርናቸው። ለማን ብዬ እንደዋሸሁ እስካሁን አላውቅም።

አሁን እናቴ ኢንሹራንስ አላት። ዛሬ ቢላውን አጥቤ ስመልስ፣ መሳቢያው ውስጥ ለሁለት በተከፈሉ ክኒኖች ግማሾች የተሞላ ብርጭቆ አገኘሁ።

"እማዬ፣ ሐኪሙ እኮ ሙሉውን ውሰጂ ነው ያለሽ።"

"አውቃለሁ" አለችኝ፤ "ሙሉው አልዋጥ ይለኛል።"