ነጠላዬን አዘቅዝቄ

ወንድሜ በቀይ ሽብር ሲገደል ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበር። እናቴ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ቀሐ ሰፈር ካለው ቤታችን ደጅ እንኳ አልወጣችም። ደርግ ወድቆ የሟቾቹ ፎቶ የተሰቀለበት ሙዚየም ጎንደር ላይ ሲከፈት እሷ በሕይወት አልነበረችም። ስለዚህ ያንኑ ነጠላ እኔ አዘቅዝቄ ብቻዬን ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ ሌላ ጎብኚ አልነበረም። ወንድሜ የተማሪ ቤት ሹራቡን እንደለበሰ ከግድግዳው ላይ ይስቃል፤ ምን እንደሚያስቀው እንጃ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ሳለሁ አስጎብኚዋ ነጠላዬን አይታ ቀረበችኝ።

«እግዜር ያጥናዎት። ሐዘኑ ቅርብ ነው?» አለችኝ።

እናቴን እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም።

«አዎ፣ ቅርብ ነው» አልኳት።